የሙሴ ቦታ

ኩማ መኪና ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሥምሪት ወረቀት አያስፈልገውም ነበር። ፎሳ በሚሉት፣ መኪናው ከበላዩ በሚቆምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ፣ ከሻንሲው ሥር የተጋገረውን ጭቃ በመፋቂያ አንዴ ጫር ያደርግና ይናገራል። ቀይና የሚያጣብቅ ከሆነ የዲላ መንገድ ነው። ጥቁር ሆኖ እንደ ሊጥ የሚጎተት ከሆነ ከሻሸመኔ ወዲያ ነው። አሸዋ ቢጤ ከሆነ ደግሞ ሾፌሩ ሐይቅ ዳር ሲዝናና ውሏል።

«ጋሽ ኩማ፣ ይኼኛው የት ነው ያደረው?» ይለዋል ታደሰ፣ ከላይ ሆኖ በጎማ ቱቦ ውሃ የሚለቀው ባልደረባው።

«ቡሹሎ፣ ሐይቁ ዳር።»

«ሾፌሩ እኮ ይርጋለም ነበርኩ ነው የሚለው።»

«እሱ ይርጋለም ይሆናል። መኪናው ግን ቡሹሎ ነው ያደረው።»

ላቫጆው በሙሉ ይስቃል። ሾፌሩም ሌላ ነገር ሳይነሳበት ብሎ አብሮ ይስቃል።

ኩማ የማይቀልድበት አፈር አንድ ብቻ ነበር። ነጣ ያለ፣ የተፈጨ ድንጋይ የሚመስል፣ ውሃ ሲነካው ጭቃ ሳይሆን እንደ አመድ የሚረግፍ አፈር ነው። እሱን ይዘው የሚመጡት ከሰሜን የሚመለሱ ኦራል የሚባሉ የጦር ጭነት መኪኖች ናቸው፤ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ለእጥበትና ለግሪስ ይገባሉ። ያ አፈር ፊቱ ላይ ሲረግፍ ኩማ መፋቂያውን ያስቀምጣል። ሦስቱን ደረጃ ወጥቶ እጁን በቱታው ጠርጎ ሾፌሩ ፊት ይቆማል።

«ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ሙሴ ኩማ የሚባል ልጅ ታውቃለህ? ረዘም ያለ ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

«አባባ፣ እዚያ ያለው ሰው እኮ አይቆጠርም» ይሉታል። አንዱ ሲጋራ ሰጥቶታል። አንዱ ደግሞ አውቀዋለሁ ብሎት፣ ኩማ ሊሰማው ጎማ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ የሚያውቀው ሙሴ የሐረር ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ሙሴ ለኩማና ለታቢታ አንድ ልጃቸው ነው። ባልና ሚስት እንኳ የሚጠራሩት በእሱ ነበር፤ እሷ «የሙሴ አባት» ትለዋለች፣ እሱም «የሙሴ እናት» ይላታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ትዳር ውስጥ ልጁ ከተወለደ ወዲህ አንዱ የሌላውን ስም አንስቶ አያውቅም።

ኩማ የተወለደው ቱላ አካባቢ ነው። አዋሳ ገና ስትቆረቆር ለግንብ ሥራ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፤ ከዚያም ሐይቁ ዳር በባልዲ መኪና ማጠብ ጀመረ። የሥራ ሰዓት ብሎ ነገር አያውቅም ነበር፤ መኪና እስካለ ያጥባል፣ መኪና ሲጠፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያደርቃል። ሐይቁ ዳር ማጠብ ሲከለከል ሥራ ፈታ። ሙሴ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ የመንግሥት ጋራዥ ላቫጆ ውስጥ በቋሚነት የተቀጠረው በዚያው ጊዜ ነበር።

የተቀጠረ ዕለት የሥራ ደንቡን ቤት ይዞ መጥቶ አነበበላቸው። የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት። በዓመት አንድ ቱታና አንድ ጥንድ የጎማ ቦት ጫማ። ናፍጣ ለሚረጭ ሠራተኛ ደግሞ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት።

«ወተት?» አለ ኩማ። «መኪና ስላጠበ?»

«ናፍጣው ደረት ይገባል፣ አባባ። ወተት ያጥበዋል።»

«እኔ ሃያ ዓመት ሳጥብ ማን አጠበኝ?»

«አንተ እኮ ሕግ አልነበረህም» አለ ሙሴ እየሳቀ።

«ደግ ሕግ ነው» አለች ታቢታ። እሷ ከልቧ ነበር።

ሙሴ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። የዘመተ ሠራተኛ ቦታው እስኪመለስ ይጠበቅለታል፤ እስከዚያው ጊዜያዊ ሠራተኛ ይተካበታል። ሙሴ ከመሄዱ በፊት አስተዳደር ክፍል ገብቶ «አባቴን ተኩልኝ» አለ፤ ተኩለት።

ቦታው ግን በሙሴ ስም እንደተመዘገበ ነው። ጫማ በዓመቱ ሲመጣ በሙሴ ልክ፣ አርባ አንድ ቁጥር ይመጣል። የኩማ እግር አርባ ሦስት ነው።

«ለቦታው የተጻፈው አርባ አንድ ነው» አለ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ። «ቦታውን ላሳድገው አልችል!»

ኩማ የጫማውን አፍንጫ በምላጭ ሰንጥቆ አጠለቀው። ውሃና ናፍጣ በስንጥቁ እየገባ ጣቶቹን ላጠው። ወተቱም ለቋሚ ሠራተኛ ነው ተባለ። ናፍጣውን የሚተነፍሰው ኩማ ወተት የለውም፤ ወተት የተመዘገበለት ሙሴ ደግሞ ናቅፋ ምሽግ ውስጥ ነው። ኩማ በዚህ አላማረረም። ጫማው እግሩን በጨመቀው ቁጥር ቦታው የልጁ መሆኑን ይነግረዋል። ማታ ታቢታ የተላጡትን ጣቶች ቅቤ እየቀባች «ሲመጣ በምላጭ የሰነጠቅክበትን ጫማ ያያል» ትለዋለች፤ ይስቃሉ።

በሁለት በሦስት ወር ደብዳቤ ይመጣ ነበር። የመጨረሻው የታኅሣሥ 1979 ነው። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

በ1980 ሰኔ ወር ላይ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሰሜን በሹክሹክታ በሚያወራበት ጊዜ፣ የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ኩማን አስጠሩት። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው አስቀመጡት።

«ጋሽ ኩማ፣ መመሪያ መጥቷል። ከሰኔ ሠላሳ በኋላ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚባል አይኖርም። ወይ ቋሚ ይሆናል፣ ወይ ይሰናበታል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ያሉበት ቦታ ባለቤት አለው። ባለቤት ባለው ቦታ ላይ ሌላ ቋሚ መቅጠር አልችልም።» እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ አንከባለሉ። «ባለቤቱ ከሌለ ግን ይቻላል።»

«ሙሴማ አለ» አለ ኩማ።

«ደብዳቤ ይመጣል?»

ኩማ ዓይኑን ወደ ጫማው ስንጥቅ አወረደ።

«እኔ ሞቷል አልልም። የኔም ወንድም እዚያው ነው። ግን ሰኔ ሠላሳ ሲደርስ እርስዎን ማሰናበት አለብኝ። ከቀበሌ የሞት ማስረጃ ካመጡልኝ በማግስቱ በስምዎ እጽፋለሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።»

«ሙሴ ቢመጣስ?»

«ቢመጣማ... ቢመጣ እልል ብለን ነው የምንቀበለው። ለሱም ቦታ እንፈልጋለን።»

ይህን ሲሉ ኩማን አላዩትም።

ኩማ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ናፍጣው ያስያዘው ሳል አለበት። ከሥራ ሲወጣ ወፍጮ ቤት ሄዶ ጠየቀ፤ አንድ ኩንታል አንሣ አሉት። እስከ ጉልበቱ አንሥቶ ሳሉ ያዘውና አስቀመጠው። «አባቴ፣ ሂድና ዕረፍ» አሉት። ሐይቁ ዳር ወረደ፤ ባልዲ እንኳ ሳይዝ ዘበኛው ገና ከሩቅ አባረረው። ታቢታ ከቱላ እያመጣች የምትቸረችረው ቆጮ ራሷንም በቅጡ አያበላትም።

«ምን ብለው ጠሩህ ጓዱ?» አለችው ማታ።

«ስለ ጫማ ነው» አላት።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደ። የሰልፉ ተራ ሲደርሰው ጸሐፊው ቀና ሳይል አዳመጠው።

«ከጦሩ ወረቀት መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«ለቅሶ ተቀምጣችኋል?»

«አልተቀመጥንም።»

«እንግዲያው አልሞተማ! ለቅሶ ተቀምጣችሁ ከሆነ ሦስት የእድር ሰው ይመስክርልህና እንጽፋለን። ቀጥሎ!»

የእድሩ ዳኛ አቶ ደበሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። ኩማ ፊታቸው ቆመና ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

«አቶ ደበሌ፣ ስለ ሙሴ ነው። ለቀበሌ ምስክር ያስፈልገኛል።»

የአቶ ደበሌ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከማን ሰማህ፣ መቼ ሰማህ አላሉም። በዚያን ጊዜ የሰሜን መርዶ በይፋ አይነገርም፤ ያመለጠ ወታደር ወይም ሾፌር ጆሮ ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል፣ የሰማውም ሰው ይዞት ይዞራል። መርዶ የያዘን ሰው ደግሞ ማን ነገረህ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እናቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አለ ኩማ። ይህ እውነት ነበር። ነገሩን ሁሉ ያበላሸውም ይኸው እውነት ነው።

«ይህን ብቻህን ተሸክመህ ነው የምትዞረው?» አሉ አቶ ደበሌ። «ምስክርነቱ ምን ችግር አለው። ያልተለቀሰ ሞት ግን አልመሰክርም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። ታቢታ የት ናት?»

«ቱላ እህቷ ዘንድ። ቅዳሜ ጠዋት ትመለሳለች።»

«በቃ። ከዚህ ወዲያ ያለው የእድሩ ነው።»

«አይ፣ አቶ ደበሌ፣ እኔ እንኳ...»

«ዝም በል። ሐዘንተኛ አያስተናብርም።»

ኩማ አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አልሰማሁም ማለት። ሰኔ ሠላሳ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ኩማ አፉን ዘጋ፤ በተዘጋው አፉ ድንኳን ገባበት።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ኩማ አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ «ማን ሞተ?» አለ። ቤቱ ውስጥ የሚመልስለት አልነበረም። ጡሩንባ ነፊው መታጠፊያው ላይ ቆሞ ሲጣራ ነው የራሱን ስም የሰማው። «የአቶ ኩማ ልጅ ሙሴ! እድርተኛ ሁሉ ውጣ!» ከዚያ በሩ ሥር የመቆፈሪያ ድምፅ ተሰማ። የድንኳኑን ምሰሶ እየተከሉ ነበር።

በሩን ሲከፍት አራት ጎረቤቶች ያዙት። አቶ ደበሌ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ኩማ የሆነውን ሊናገር ነበር የወጣው፤ የያዙት ሰዎች ሲያለቅሱ ሲያይ ግን ለቅሶው መጣ። ዓመት ከመንፈቅ ፎሳው ውስጥ ያፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ድንኳኑ ሐሰት ነው ቢባል ይቻላል፤ ያ እንባ ግን ሐሰት አልነበረም።

ታደሰ አጠገቡ ተቀመጠና ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። «ጋሽ ኩማ፣ ይቅር በለኝ። አልሰማሁም ነበር። ዝም ብዬ በአፈር ስቀልድብህ...»

ኩማ ራሱን ነቀነቀ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታቢታ የቆጮ ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ድንኳኑ በሯ ላይ ነው። መጀመሪያ የመሰላት ባሏ የሞተ ነበር፤ ሸክሙን ጥላ ሮጠች። ሴቶች ተቀብለው ያዟት። በትከሻቸው መካከል አሻግራ ኩማ ተቀምጦ አየችው። እሱ ካለ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ጩኸቱ ግን ሳያልቅ ቆመ። የያዟትን እጆች አንድ በአንድ አላቃ ባሏ ፊት መጣች።

«የሙሴ አባት፣ ማን ነገረህ?»

ኩማ መሬት መሬቱን አየ።

«ማን ነው ያየው? የት ነው?»

«ታቢታ፣ ልጄ፣ አሁን አይጠየቅም» አሉ አቶ ደበሌ።

«እርስዎን አይደለም፣ አቶ ደበሌ። የሙሴ አባት፣ ማን ነገረህ?»

«ማንም» አለ ኩማ።

«ማንም?»

«ሰኔ ሠላሳ ቦታው ይዘጋል አሉኝ። ወረቀት ካላመጣሁ...» ሳሉ ያዘው። ስሎ ሲጨርስም አልቀጠለበትም። የቀረውን ሁሉም ተረድቶታል።

አቶ ደበሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ስለሆነ፣ አንዲት ጎረቤት የሙሴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዳ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ነበር። ታቢታ ፎቶውን አነሣች። በነጠላዋ ጫፍ መስተዋቱን ጠረገችው። ይዛው ቤት ገባች፤ ሚስማሩ ላይ መልሳ ስትሰቅለው ደጅ ድረስ ተሰማ።

ስትወጣ ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። ገበያ እንደምትሄድ ነው ያጣፋችው። ከሐዘንተኞቹ ወገን አልተቀመጠችም፤ ለቅሶ ደራሾቹ ባሉበት በኩል አንድ አግዳሚ ላይ፣ ከባሏ ትይዩ ተቀመጠችና እንደ ማንኛውም መጥቶ እንደሚሄድ ሰው አለችው፦

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ኩማ።»

በስሙ ስትጠራው ሙሴ ከተወለደ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ድንኳኑ አልፈረሰም። የተጀመረ ለቅሶ አይመለስም አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ሌላ መላም አላወቁም። ሦስቱን ቀን ታቢታ ለእንግዳ ውሃ እያቀረበች፣ ሳህን እያጠበች፣ በሰው ቤት ለቅሶ እንደምታግዝ ጎረቤት ሆና አሳለፈችው። የሚያጽናናት ሲመጣ ወደ ባሏ ታመለክተዋለች። «ሐዘንተኛው ያ ነው።»

በአራተኛው ቀን አቶ ደበሌ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቀበሌ ሄዱ። «ለቅሶ ተቀምጠናል» ብለው መሰከሩ። ሞቷል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ከቀበሌው ሲወጡ የእድሩን ማኅተም ለምክትላቸው አስረከቡ፤ ከዚያ በኋላ ዳኝነት አልተቀመጡም። ኩማ በበረንዳቸው ሲያልፍ ሰላም ይሉታል፤ ቀና ግን አይሉም።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ቃላቸውን ጠበቁ። ኩማ በሰኔ መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ። የቅጥር ደብዳቤው ላይ «በሟች ሙሴ ኩማ ምትክ» ይላል። ኩማ ማንበብ ስለማይችል ታደሰ ነው ያነበበለት፤ ታደሰ ሟች የምትለውን ቃል ዘሎ አነበበ። ሐምሌ ሲገባ ንብረት ክፍል ጠርቶ አዲስ ቦት ጫማ ሰጠው። አርባ ሦስት ቁጥር። ኩማ አጠለቀው። የትም አልጨመቀውም። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ መለስ አለ፣ ግድግዳውን ያዘ።

«ጠበበህ እንዴ?» አለ ንብረት ክፍሉ።

«የለም። ልኬ ነው።»

ወተቱንም ሰጡት። የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ሊትር በጠርሙስ ይዞ ቤት ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ታቢታ ጠርሙሱን አየችው። ለጎረቤት ልጆች አካፍላ ጠርሙሱን አጥባ መለሰችለት። ምግብ ታቀርብለታለች፤ ሲስል ሙቅ ውሃ ታመጣለታለች። ስትጠራው ግን ኩማ ነው የምትለው። እሱም የሙሴ እናት ብሎ ለመጥራት አፉ አልታዘዝ አለው፤ በምን እንደሚጠራት ጠፋው።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ኦራሎች ገቡ። የመጀመሪያው ፎሳው ላይ ቆመ። ኩማ ወርዶ መፋቂያውን ሻንሲው ላይ አንድ ጊዜ ጫር አደረገ። ነጣ ያለው አፈር ፊቱ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ ረገፈ።

መፋቂያውን አስቀመጠ። እግሩ በራሱ ፈቃድ ሁለት ደረጃ ወጣ። ቀና ሲል ታደሰ ቱቦውን እንደያዘ ያየዋል። ንብረት ክፍሉም በሩ ላይ ቆሟል፤ እሱም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ለልጁ ለቅሶ ተቀምጦ፣ በልጁ ሞት ማስረጃ የተቀጠረ አባት ሾፌር ፊት ቆሞ ልጄን አይተሃል ወይ ብሎ እንዴት ይጠይቃል? ቢጠይቅ ደብዳቤው ምን ይሆናል? ሦስት ሽማግሌዎች የመሰከሩትስ?

ኩማ ተመልሶ ወረደ።

መፋቂያውን ባነሣ ጊዜ ነው ድምፅ የሰማው። ከበሩ በኩል ነው፤ ዘበኛው «እናቴ፣ እዚህ መግባት አይቻልም» ሲል ይሰማል። ከዚያ በጎማዎቹ መካከል ሁለት እግሮች ታዩት። ኮንጎ ጫማ ተጫምተዋል፤ ጫማው ላይ የቱላ ጭቃ አለ። እግሮቹ ከሾፌሩ ቦት ጫማ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለች ታቢታ። «ሙሴ ኩማ የሚባል ልጅ ታውቃለህ? ረዘም ያለ ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

ታደሰ ውሃውን ዘጋ። ማንም ዝጋ አላለውም። ኩማ በጉድጓዱ ውስጥ መፋቂያው ብረት ነክቶ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው፤ ሳሉንም ዋጠ።

«አላውቀውም፣ እናቴ» አለ ሾፌሩ።

እግሮቹ ዞረው ወደ ሁለተኛው ኦራል ሄዱ። ኩማም በማይጠብበው ጫማው ድምፅ ሳያሰማ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ፎሳው ሌላኛው ጫፍ ተከተላቸው፤ ከዚያ ሆኜ የተሻለ እሰማለሁ ብሎ።